የአንድ ሰው መጽሐፍና የብዙ እጅ መጽሐፍ በሐረር



በመንግሥት ሥራ ላይ የሚገኝ ሰው ሁሉ በየቀኑ ሁለት ዓይነት ጽሑፍ በእጁ ያልፋል። አንደኛው ከራስጌው ቀን፥ ከግርጌው ስምና ፊርማ ያለበት፥ አንድ ሰው አስቦ የጻፈውና ኀላፊነቱን የወሰደበት ማስታወሻ ነው። ሁለተኛው ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲዘዋወር አንዱ መሥመር የሚጨምርበት፥ ሌላው ቃል የሚሰርዝበት፥ በመጨረሻም ማን የቱን እንደ ጻፈ ሳይለይ «የመሥሪያ ቤቱ ሐሳብ» ተብሎ የሚወጣው ረቂቅ ነው። ከሁለቱ የትኛው ይታመናል? ጥያቄው የመዝገብ ቤት ጥያቄ ይመስላል እንጂ የታሪክም ጥያቄ ነው። ስላለፉት ዘመናት የምናውቀው ሁሉ ከእነዚህ ከሁለቱ በአንደኛው መንገድ የደረሰን ነውና።

ይህን ነገር ለመመርመር ወደ ሐረር እንድንሄድ እጋብዛችኋለሁ። የሐረር ስም በተነሣ ጊዜ ብዙ ሰው የሚያስበው ግንቡን፥ ቡናውንና ማታ ማታ ከሰው እጅ ሥጋ የሚበላውን ጅብ ነው። ስለ ወረቀቷ የሚያነሣ ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ዓመት ያሠሩት የጀጎል ግንብ ሲጠብቅ የኖረው ቤትና መስጊድ ብቻ አይደለም፤ ሲጻፍ፥ ሲገለበጥ፥ ሲደጎስና ለመስጊድ ሲሰጥ የኖረ ብዙ መጽሐፍም ጠብቋል።

አስቀድመን የአንድ ሰው መጽሐፍ የሆነውን እንመልከት። ሺሃብ አድ-ዲን አሕመድ የሚባል፥ በቅጽል ስሙ ዐረብ ፈቂህ ተብሎ የታወቀ፥ የጂዛን አገር ሰው፥ በተለምዶ ግራኝ የምንላቸውን የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂምን ዘመቻ በዐረብኛ ጻፈ። መጽሐፉ ፉቱሕ አል-ሐበሻ ይባላል። የዚህ ሰው አጻጻፍ የሚያስደንቀው ምንጩን አለመሸሸጉ ነው። የጭፍራ አለቆችን በስማቸው እየጠራ፥ ወንዙንና አምባውን እየለየ፥ አንዳንዱንም ነገር ከማን አፍ እንደ ሰማው እየተናገረ ይጽፋል። ወገኑ የቱ እንደ ሆነ ለማወቅ ሁለት ገጽ ማንበብ ይበቃል። በኢማሙ ድል ደስ ይለዋል፤ የተቃጠለው ቤተ ክርስቲያን አያሳዝነውም። እርሱም ራሱ ይህን አልደበቀም።

ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንድትሉልኝ እወዳለሁ። እ.ኤ.አ. በ1531 የኢማሙ ሠራዊት በአምሐራ ምድር የነበረውን የመካነ ሥላሴን ቤተ ክርስቲያን አቃጠለ። የዚያን ቤተ ክርስቲያን ወርቅና ጌጥ፥ ባዩትም ሰዎች ላይ ያሳደረውን መደነቅ በሰፊው ጽፈው ካቆዩልን ምስክሮች አንዱ ይኸው የአቃጣዮቹ ታሪክ ጸሐፊ ነው። ከእርሱ በፊት አገራችንን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም እ.ኤ.አ. በ1540 በታተመው መጽሐፉ ስለዚያው ስፍራ ተናግሯል። ሁለቱ ጸሐፊዎች አይተዋወቁም፤ በሃይማኖትም በዓላማም ይራራቃሉ። ስለዚህ በአንድ ነገር ላይ በተስማሙ ጊዜ ታሪክ አጥኚ በልበ ሙሉነት ይቀበላቸዋል። በተለያዩ ጊዜ ደግሞ የማንኛው ቃል የማንኛው እንደ ሆነ ስለሚያውቅ ሊመዝናቸው ይችላል። የፈረመ ሰው ሲሳሳት እንኳ ይጠቅማል የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

የአንድ ሰው መጽሐፍ ጉድለቱ ግን ሰውየው ሲያቆም መጽሐፉም መቆሙ ነው። ፉቱሕ አል-ሐበሻ የመጀመሪያው ክፍል ብቻ በእጃችን አለ። ጸሐፊው ሁለተኛ ክፍል እንደሚቀጥል ተናግሮ ሳለ ያ ክፍል እስከ ዛሬ አልተገኘም። ኢማሙ በ1535 ዓ.ም. ወይና ደጋ ላይ የወደቁበትን ጦርነት ለማወቅ የምንፈልግ ሰዎች ይህን መጽሐፍ ዘግተን ከክሪስቶቫን ዳ ጋማ ጋር የዘመተውን የሚጌል ዴ ካስታኞዞን መጽሐፍና የዐፄ ገላውዴዎስን ዜና መዋዕል መክፈት ይኖርብናል። የዐረብ ፈቂህን ብዕር አንሥቶ ከቆመበት የቀጠለ ሌላ ሰው የለም። ማንስ ሊቀጥል ይችላል? መጽሐፉ የእርሱ ነዋ!

አሁን ደግሞ ወደ ሁለተኛው ዓይነት እንሻገር። ፈትሕ መዲነት ሐረር የሚባለው መጽሐፍ በያሕያ ነስረላህ ስም የሚታወቅ ቢሆንም፥ በውስጡ ያለው ቃል የአንድ ሰው ብቻ እንዳልሆነ ያነበበው ሁሉ ይረዳዋል። የሐረር ሰው ስለ ከተማው አመሠራረት ሲናገር የኖረው ነገር ሁሉ ወደዚያ ፈስሷል። ሼኽ አባድር ከብዙ ቅዱሳን ጋር ከሒጃዝ ምድር ተነሥተው በ612 ሒጅራ፥ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1216 ገደማ፥ ወደ ሐረር እንደ መጡ ይተርካል። ጀርመናዊው ሊቅ ኤቫልት ቫግነር ይህን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1978 አሳትሞ ሲመረምረው፥ ለሥራው «አፈ ታሪክና ታሪክ» የሚል ርእስ መስጠቱ ያለ ምክንያት አይደለም። የአንዱ ዘመን ሰው በሌላው ዘመን ጦርነት ውስጥ ቆሞ ይገኛልና።

የአሚሮቹም የስም ዝርዝር እንዲሁ ነው። አንድ ጸሐፊ እስከ ዘመኑ አሚር ድረስ ይጽፋል፤ ከእርሱ በኋላ የመጣው ገልባጭ የአዲሱን አሚር ስምና የነገሠበትን ዘመን ይጨምራል፤ ሦስተኛውም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ1647 በአሚር ዓሊ ኢብን ዳውድ የተጀመረው የአሚሮች ሥርወ መንግሥት እስከ 19ኛው መቶ ዓመት ድረስ ተራ በተራ የታወቀልን በእንዲህ ያለ የብዙ እጅ ጽሑፍ ነው። የዚህ ዓይነቱ መጽሐፍ ጸሐፊው ቢሞትም አይሞትም። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ጉዳቱ ግን ከጥቅሙ ጋር አብሮ የተወለደ ነው፤ ስሕተትም እንደ እውነት አይሞትም። አንዱ ገልባጭ ያሳሳተውን ዓመት ተከታዩ በቅንነት ይገለብጠዋል፤ ከመቶ ዓመት በኋላ ስሕተቱ በዐሥር መጽሐፍ ተጽፎ የሚገኝ ስለሆነ ዐሥር ምስክር ያለው ይመስላል። ምስክሩ ግን አንድ ነው፤ እርሱም የተሳሳተው ሰው ነው።

እንግዲህ የሐረር ሊቃውንት ይህን አደጋ ሳያውቁት ቀርተዋልን? አይመስለኝም። ይህን የምለው መጽሐፎቻቸውን በዐይን በማየት ነው። እንደ ምሳሌ በሐረር የተጻፉትን የቁርኣን መጻሕፍት እንውሰድ። ከእነዚህ መካከል እ.ኤ.አ. በ1749 የተጻፈውና ዛሬ በውጭ አገር በኻሊሊ ስብስብ ውስጥ የሚገኘው በሊቃውንት ዘንድ በደንብ የታወቀ ነው። በሐረር የቁርኣን መጻሕፍት ዋናው ንባብ በገጹ መካከል በወፍራም ብዕር ይጻፋል። በኅዳጉ ላይ ደግሞ ከጥንት ጀምሮ በታወቁት የቁርኣን አንባብያን መካከል ያለው የንባብ ልዩነት በቀጭን ጽሕፈት፥ አንዳንድ ጊዜም እንደ ጌጥ ሐረግ በሰያፍ ተሰልፎ ይታያል። ልዩነቱ አልተፋቀም፤ ወደ ዋናው ንባብም ገብቶ አልተደባለቀም። አንባቢው መካከለኛውን ያነብባል፤ መመርመር የፈለገ ዐይኑን ወደ ኅዳግ ይመልሳል።

ይህን ባየሁ ጊዜ ትዝ ያለኝ የራሳችን የአንድምታ ትርጓሜ ነው። በጎንደር ጉባኤ ቤቶች የተስፋፋው አንድምታ የማን ነው? ብዙ መምህራን በየትውልዱ ያዋጡት ነው፤ ስማቸው ግን አብዛኛውን ጊዜ አይነገርም። ነገር ግን መምህሩ የቀደመውን ትርጓሜ ሽሮ የራሱን አይተክልም፤ «አንድም» ይልና ከጎኑ ያኖረዋል። በሐረር የመስጊድ ሊቅ በኅዳግ የሠራውን፥ በጎንደር መሪጌታው በአንዲት ቃል ሠርቶታል። አንዱ ከሌላው ተማረ ለማለት አይደለም። ብዙ ሰው በአንድ መጽሐፍ ላይ እጁን በሚያሳርፍበት አገር ሁሉ ይህ ችግር ይነሣል፤ ችግሩም በነበረበት ቦታ ሁሉ መላ ተፈልጎለታል።

በሐረር መጽሐፍ መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ቅጠል ላይ ሌላም ነገር ይገኛል። ይኸውም የወቅፍ ጽሑፍ ነው። እገሌ፥ ወይም እገሊት፥ ይህን መጽሐፍ እንዳይሸጥ እንዳይለወጥ አድርጌ ለእንዲህ ያለው መስጊድ ሰጥቻለሁ የሚል ቃል ነው። ከሰጪዎቹ መካከል ሴቶችም አሉ። ልብ በሉ፤ የመጽሐፉ ዋና ቃል የአላህ ቃል ወይም የጥንት ሊቅ ድርሰት ነው፤ ገልባጩ ሌላ ሰው ነው፤ የደጎሰው ሌላ ነው፤ ኅዳጉን የሞላው ሌላ ነው፤ ወረቀቱን በገንዘብ የገዛችው ሌላ ናት። በአንድ ድጉስ ውስጥ አምስት እጅ አለ፤ የእያንዳንዱም እጅ ስፍራ የተለየ ነው። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1855 መጀመሪያ ወደ ከተማይቱ ገብቶ ዐሥር ቀን ያህል ሲቀመጥ፥ ስለ ብዙ ነገር በንቀት የጻፈ ሰው ቢሆንም፥ የሐረርን የመጽሐፍ ድጉስ ግን ከማመስገን አልቦዘነም።

በርተንን ካነሣን ዘንድ ስለ እንግዶቹ ጸሐፊዎች ጥቂት ልበል። የበርተን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1856 ታተመ፤ ስለ ሐረሪ ቋንቋ የሰበሰበውንም ቃልና ሰዋስው ከመጨረሻው አኑሯል። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦም እ.ኤ.አ. ከ1880 ጀምሮ እስከ 1891 እየሄደ እየተመለሰ በሐረር ሲነግድ፥ ወደ ቤቱ ቀን ያለባቸው ብዙ ደብዳቤዎች ጽፏል። ስለ ኦጋዴን የጻፈውንም የፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1884 አትሞለታል። እነዚህ ሁለቱ የአንድ ሰው ጽሑፍ ፍጹም ምሳሌ ናቸው። የራምቦ ደብዳቤ በቀኑ ስለ ተጻፈ የዚያን ቀን ምሬት ይዟል፤ በማግሥቱ ሐሳቡን ቢለውጥም የትናንቱን አላረመውም። ስለ ሐረር ሕዝብ ግን ከእነርሱ ጽሑፍ ብቻ የሚማር ሰው፥ በመስኮት እያየ የቤቱን ውስጥ ዐወቅሁ እንደሚል ነው።

ውስጡን ማወቅ የፈለገ ወደ መውሉድ ጉባኤ ይሂድ። እዚያ የሚነበበው ኪታብ በዐረብኛ ነው፤ በመካከሉ በከበሮ የሚዜመው ዚክሪ ግን በዐረብኛም፥ በሐረሪም፥ በኦሮምኛም ነው። የዚክሪው ስብስብ ከቤት ቤት፥ ከመዘምር መዘምር ሲገለበጥ ይጨመርበታል፤ ይቀነስበታልም። ይህ በእውነት የብዙ እጅ መጽሐፍ ነው። ስለምን ሳይበላሽ ኖረ ብትሉ፥ እኔ የምሰጠው ምክንያት በጉባኤ ጮኾ የሚነበብ መሆኑን ነው። አንድ ሰው በቤቱ ተቀምጦ አንዱን ስንኝ ቢያጣምም፥ በሚቀጥለው ጉባኤ የሚያውቁት ሽማግሌዎች ይሰሙታል። እንዲያውም አንባቢውን ያውቁታል፤ አባቱንም ያውቁታል። በሐረር ሰዎች በደስታና በኀዘን የሚረዳዱበት አፎቻ የሚባል ማኅበር አለ፤ የወንዶችም የሴቶችም አለ። አዲስ አበባ ላለን ዕድራችንን ያስታውሰናል። እንዲህ በተሳሰረ ሕዝብ መካከል ስም ባይፈረምም እጅ አይጠፋም።

እጅ የሚጠፋው ሰው ከሰው በማይተዋወቅበት ቦታ ነው። ከዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት የአንድ ቦታ ይዞታ ማኅደር ገልጬ ነበር። የካሬ ሜትሩ ቁጥር ተፍቆ በላዩ ሌላ ቁጥር ተጽፎበታል። ቀለሙ የተለየ ነው፤ ፊርማ የለም፤ ቀንም የለም። ያረመው ሰው ትክክለኛውን ጽፎ ሊሆን ይችላል፤ ምናልባትም ቅን ሰው ነበረ። የቦታው ባለቤት የነበሩት አሮጊት ግን ይህን ማስረዳት አልቻሉም፤ እኔም አልቻልሁም። በሐረር በአሚሮቹ ዘመን በቃዲው ፊት መሬት ሲሸጥና ውርስ ሲከፈል የምስክሮቹ ስም በጽሑፉ ላይ ይገባ ነበር። ከተማይቱ በ1868 ዓ.ም. በግብፆች ስትያዝ፥ በ1877 ዓ.ም. ለአሚር ዐብዱላሂ ስትመለስ፥ ከጨለንቆ ጦርነት በኋላም በ1879 ዓ.ም. ለዳግማዊ ምኒልክ ስትገብር፥ በዐሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ገዢ ሦስት ጊዜ ተለወጠባት። እንዲህ ባለ ጊዜ የባለ ርስት መጠጊያው ምን እንደ ሆነ ለመንግሥት ሠራተኛ መንገር አያሻኝም።

በዘመናችን ይኸው የጥንት ነገር በመኪና ላይ ተመልሶ መጥቷል። በኢንተርኔት አንድ ሰው በስሙ፥ ቀን በቀን፥ የቅርቡን ከላይ እያደረገ የሚጽፍበት ገጽ በእንግሊዝኛ ብሎግ ተባለ፤ የእኛ ወጣቶች ደግሞ ጦማር አሉት። ጦማር በግእዝ ደብዳቤ፥ የተጠቀለለ ጽሑፍ ማለት ስለሆነ ስያሜውን ወድጄዋለሁ። ሁለተኛው፥ ማንም ገብቶ የሚያርመው ገጽ፥ ዊኪ ይባላል፤ ቃሉ በሐዋይ ቋንቋ ፈጣን ማለት ነው። አሜሪካዊው ዋርድ ከኒንግሃም እ.ኤ.አ. በ1995 የመጀመሪያውን አቆመ፤ እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረው ዊኪፔዲያም የሚሠራው በዚሁ ሥርዐት ነው፤ በአማርኛም አለ። ብዙ ሰው ዊኪን «ማንም የሚጽፍበት» እያለ ይንቀዋል። የሚናቀው ግን ከፊት ያለውን ገጽ ብቻ ስለሚያዩ ነው። ከጀርባው የእያንዳንዱ ለውጥ ቀንና ሰዓት፥ የለዋጩም መለያ ተመዝግቦ ይኖራል፤ የተሰረዘውም ተመልሶ ይነበባል። ይህ የሐረር ኅዳግ ነው። ጥፋቱ ኅዳጉን የሚገልጥ አንባቢ ማነሱ ነው።

የትኛው ለየትኛው ሥራ ይበጃል ለሚል፥ የእኔን አስተያየት ያለ መሸፋፈን እነግራችኋለሁ። የጀጎልን አምስት ጥንታዊ በሮች እንውሰድ። ሐረሪው አሱም በሪ የሚለውን ሌላው ፈላና በር ይለዋል፤ አርጎብ በሪ ኤረር በር ነው፤ ሱቁታት በሪ ሰንጋ በር፥ በድሮ በሪ ቡዳ በር፥ አስማዲን በሪ ሸዋ በር ይባላል። እንዲህ ያለውን የስም ነገር አንድ ሰው ብቻውን ቢጽፈው ያጎድለዋል፤ የሐረሪው፥ የኦሮሞው፥ የአማራው፥ የአርጎባውና የሶማሌው እጅ ቢያርፍበት ግን ይሞላል። በዩኔስኮ መዝገብ እ.ኤ.አ. በ2006 ሐረር የዓለም ቅርስ ስትሆን የተቈጠሩላትን 82 መስጊዶችና 102 የቅዱሳን መቃብሮች እያንዳንዳቸውን ለመጻፍም የብዙ እጅ መጽሐፍ እንጂ የአንድ ሰው ጕልበት አይበቃም።

የኢማም አሕመድን ነገር ግን ለብዙ እጅ አሳልፌ መስጠት አልወድም። ለአንዱ ጀግና፥ ለሌላው የቤተ ክርስቲያን አቃጣይ የሆኑ ሰው ናቸው። በአንድ ገጽ ላይ ሁለቱ ወገኖች ሲገናኙ አንዱ ይጽፋል፥ ሌላው ይሰርዛል፤ በመጨረሻም የሚረጋው የበለጠ ያወቀው ሳይሆን ብዙ ሌሊት ያልተኛው የጻፈው ነው። ከዚያ የሚቀረው ማንንም የማያስቀይም፥ ማንንም የማያስተምር ቃል ሊሆን ይችላል። ለእንዲህ ያለው ነገር ዐረብ ፈቂህ በስሙ ይጻፍ፤ በ1593 እ.ኤ.አ. እንደ ጻፈው እንደ አባ ባሕርይ ያለው ካህንም በስሙ ይጻፍ፤ እኛም ሁለቱን ጎን ለጎን እንክፈት። በ1778 ዓ.ም. አካባቢ ደጃዝማች ኃይሉ የነገሥታቱን ታሪክ ከየስፍራው አሰብስበው ባስጻፉ ጊዜ፥ ስብስቡ በስማቸው መጠራቱ ዛሬ ለሚመረምረው ሰው ትልቅ ውለታ ነው። ቢያንስ አሰባሳቢው ማን እንደ ነበረና በማን ፈቃድ እንደ ተሠራ እናውቃለንና።

የሐረር መጻሕፍት ዛሬ በየቤቱ፥ በየመስጊዱና በቤተ መዘክር ይገኛሉ። አቶ አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍ በግል ጥረታቸው ያቋቋሙት፥ በራስ ተፈሪ ቤት የሚገኘው ቤተ መዘክር ብዙ የእጅ ጽሑፎችን ሰብስቧል፤ የጥንቱም የድጉስ ሙያ በእርሳቸው ጥረት እንደ ገና ተይዟል። በአዲስ አበባም በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ያሉትን የዐረብኛ ጽሑፎች የሚዘረዝር መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሟል። በሽፋኑ ላይ አሌሳንድሮ ጎሪ የሚል ስም አለ፤ ከእርሱም ጋር የሠሩት የአን ረጉር፥ የጄረሚ ብራውንና የስቲቭ ዴላማርተር ስም ተጽፏል። የኢትዮጵያ ነገር የተሰበሰበበት፥ በሐምቡርግ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2014 በአምስት ጥራዝ የተዘጋጀው ኢንሳይክሎፔዲያ ኢትዮፒካም እንዲሁ የብዙ እጅ መጽሐፍ ነው፤ ነገር ግን በእያንዳንዱ ጽሑፍ ግርጌ የጸሐፊው ስም ይገኛል። ሐረር የሚለውን ለማንበብ ሁለተኛውን ጥራዝ የምትከፍቱ ሰዎች፥ ከማንበባችሁ በፊት ወደ ግርጌው ወርዳችሁ ስሙን እዩ።